ከማመልከት በፊት ማጣራት

በሴፕቴምበር የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት አርዲስ ኮልስታድ አንድ ከረጢት ሙሉ ወረቀት በመኪናዋ ጭና የዱሉዝ ከተማን ቁልቁለት ወረደች። በየዓመቱ በዚያን ሰሞን ከሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ትልቅ የወረቀት መፍጫ መኪና ይቆማል። ስማቸውና የመታወቂያ ቁጥራቸው የሰፈረበት አሮጌ ወረቀት ሌባ እጅ እንዳይገባ የሚሰጉ ሰዎች በካርቶንና በከረጢት ይዘው ይሰለፋሉ፤ መኪናው እያጓራ ይፈጨዋል። ከሱፒሪየር ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ከአሁኑ ጆሮ መቆንጠጥ ጀምሯል።

አርዲስ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ የነዳች፣ አሁንም የምትነዳ፣ ባሏ ከሞተባት ስድስት ዓመት የሆናት፣ ዕዳ የሚባል ነገር የምትጠላ ሴት ናት። ተራዋ ደርሶ ከረጢቱን ከመኪናው ስታወርድ ሥሩ ተቀደደና ፖስታዎቹ አስፋልቱ ላይ ተበተኑ። ከበጎ ፈቃድ አገልጋዮቹ አንዷ፣ ጸጉሯን በሱፍ ቆብ የሸፈነች ወጣት፣ ነፋሱ ሳይቀድማት ሮጣ መጣች።

«ይተዉት ወይዘሮ አርዲስ፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አለቻት።

አርዲስ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺ የሳሪ ልጅ አይደለሽም? ያቺ በየሳምንቱ አንድ ጓንት አውቶቡሴ ውስጥ ጥላ የምትወርደው?»

«ሊኒያ ነኝ። ጓንቱን አሁንም እጥላለሁ።»

ሊኒያ ሳሪ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት። ኮሌጅ ገብታ የሒሳብ አያያዝ ተምራ አሁን በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀጥራለች፤ ሥራዋም ኮምፒዩተር ለሚቸገሩ ሰዎች አጠገባቸው ተቀምጦ ማሳየት ነው። ይህንን እያወራች ፖስታዎቹን ስትሰበስብ ሁሉም ከባንክ የመጡ መሆናቸውን አየች። አብዛኞቹ አልተከፈቱም። በእያንዳንዱ ላይ በጉልህ ፊደል «ለክሬዲት ካርድ ተመርጠዋል» የሚል ተጽፏል። ሳይከፍቱ ለምን ያስፈጫሉ ብላ ጠየቀቻት።

«ሁለቱን ከፍቻቸው ነበር፤ ይበቃኛል» አለች አርዲስ። «ተመርጠዋል አሉኝ፤ አመለከትኩ፤ አይሆንም አሉኝ። ጠርቶ በር የሚዘጋብሽ ሰው ቤት ሦስተኛ ጊዜ ትሄጃለሽ?»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አንድ ጊዜ በታመነበት ነገር ያፈረ ሰው፣ ሁለተኛ እንዳያፍር ሲል የሚጠቅመውንም የሚጎዳውንም በአንድ ከረጢት ጠቅልሎ ይጥላል። አርዲስም የያዘችው ቂም ብቻ አልነበረም፤ ፍርሃትም ነበረባት። ሰልፉን ለቀው መኪናዋ አጠገብ ሲቆሙ ለሊኒያ ነገረቻት።

የአርዲስ ልጅ በመጠጥ ሱስ ምክንያት ለረጅም ሕክምና ገብታለች። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጇ ሬን ደግሞ ሌላ ከተማ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ቤት ተቀምጣለች። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ልጅቷን ለአያቷ ለመስጠት ከተስማማ ቆየ፤ የቀረው አንድ የቤት ጉብኝት ነው፤ ቀኑም ኦክቶበር ሃያ አንድ ተብሎ ተቆርጧል። ይሁንና በሴፕቴምበር አጋማሽ የጋዝ ድርጅቱ ሠራተኛ የቤቷን ማሞቂያ ሊያይ መጥቶ በማሞቂያው ሆድ ውስጥ መርዛማ ጭስ የሚያሾልክ ስንጥቅ አገኘ። ጋዙን ዘጋ፤ ቀይ ወረቀት አንጠለጠለበትና ሄደ። የካውንቲው ሠራተኛ በስልክ በትሕትና ግን ሳታወላውል እንዲህ አለቻት፦ ሕፃን የሚተኛበት ቤት በሚገባ መሞቅ አለበት፤ ሶኬት ላይ የሚሰኩ ትንንሽ ማሞቂያዎች አይቆጠሩም፤ በዕለቱ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ጸደይ ይተላለፋል።

አዲስ ማሞቂያ ከነመግጠሚያው አራት ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነው። አርዲስ ያጠራቀመችው ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነው። ሻጩ የራሱን የብድር ውል አቅርቦላት ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ዶላር ዕዳ ከቀረባት ግን የሙሉ ዓመቱ ወለድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሚታሰብ ስታነብ ብዕሩን መለሰችለት።

«እና ሁለቱን ካርዶች ሲጠይቁ አስቀድመው አጣርተው ነበር?» አለች ሊኒያ።

«ተመርጠዋል የሚል ደብዳቤ ይዤ ምኑን አጣራለሁ?»

ሊኒያ ከመሬት ካነሣቻቸው ፖስታዎች አንዱን አስፈቅዳ ከፈተችና ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አሳየቻት። «እንዲያመለክቱ ተጋብዘዋል» ይላል እንጂ «ተፈቅዶልዎታል» አይልም። ከደብዳቤዎቹ መካከል እውነተኛ ቃል የሚገቡም አሉ፤ ይህኛው ግን ከእነሱ አልነበረም። ከዚያ እንደ አስተማሪ ረጋ ብላ ነገሩን አስረዳቻት። ባንኮች ራሳቸው ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጡት የቅድሚያ ማጣሪያ የሚባል ነገር አለ። ሰውየው ስሙን፣ አድራሻውን፣ ገቢውንና የመታወቂያ ቁጥሩን የመጨረሻ አኃዞች ይሞላል፤ ባንኩ የብድር ታሪኩን ቀለል አድርጎ ያይና ቢያመለክት ይቀበለው እንደሆነ ይነግረዋል። ያ እይታ የብድር ነጥብን፣ ባንኮች ሰው ዕዳውን በጊዜው ይከፍል እንደሆነ የሚመዝኑበትን ቁጥር፣ አይነካም። ነጥብ የሚቀንሰው ሰው በትክክል ሲያመለክት የሚደረገው ሙሉ ምርመራ ነው፤ እሱም ሁለት ዓመት መዝገብ ላይ ይቀመጣል።

«ስለዚህ እኔ በገዛ እጄ ሁለት ጠባሳ አስደርጌያለሁ» አለች አርዲስ።

«ትንንሽ ናቸው። ሦስተኛውን ግን አያስደርጉ።»

«ይሄ ማጣሪያሽስ? እንደ ደብዳቤው ቢዋሽ ማንን እከሳለሁ?»

ሊኒያ እዚህ ላይ ቸኮለች። የተማረ ወጣት ያወቀው ነገር ሁሉ የተረጋገጠ ይመስለዋል። «ካርድ የሚያዛምዱ ገጾች አሉ፤ የብዙ ባንክ ካርድ በአንድ ጊዜ ያሳያሉ። እዚያ ላይ ዘጠና ከመቶ ዕድል አለዎት ካለ፣ ያገኛሉ ማለት ነው» አለቻት።

አርዲስ የመኪናዋን በር ተደገፈች።

«ሊኒያ፣ አውቶቡሴ የባቡር ሐዲድ ጋ ሲደርስ ምን አደርግ ነበር?»

«ያቆማሉ። ሬዲዮውን ያጠፋሉ፤ ሁላችንንም ዝም ያሰኛሉ። ከዚያ መስኮትና በር ከፍተው ያዳምጣሉ።»

«ቀይ መብራቱ ባይበራስ?»

«ባይበራም።»

«ለምን?»

«መብራቱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችል።»

«እንግዲያውስ። ዘጠና ከመቶ የሚሠራ መብራት አምኜ፣ አርባ ልጅ ጭኜ ሐዲድ አልሻገርም። አሁንም ልጅ ነው የጫንኩት፤ ቁጥሩ ቢያንስም።»

ሊኒያ ጫማዋን እያየች አሰበች። መልስ ለመስጠት አልተጣደፈችም፤ ይህም አርዲስን ደስ አሰኛት።

«ልክ ነዎት፤ ያገኛሉ ማለት አልነበረብኝም» አለች በመጨረሻ። «ግን ወይዘሮ አርዲስ፣ መብራቱ ይነቀል ብለው አያውቁም። ሲበራ ያለ ክርክር ይቆማሉ። ሳይበራ ሲቀር ደግሞ በጆሮዎ ያረጋግጣሉ። ማጣሪያውንም እንደዚያው ይያዙት። አይሆንም ካለዎት ሳያመለክቱ ይተዉታል፤ መዝገብዎ ከአንድ ጠባሳ ተረፈ። ይሆናል ካለዎት ደግሞ ገና አልተሻገሩም፤ ቆመው ያዳምጣሉ።»

በእኛ ዘንድ ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በዘመድ በኩል ሹክ ተብሎ ይጠየቃል። የልጅቱ ቤተሰብ ፊቱን ካጠቆረ ሽማግሌው አይሄድም፤ ማንም አያፍርም። ፊቱን ካፈካ ደግሞ ሽማግሌው ይሄዳል እንጂ ሠርግ አይደገስም። አርዲስ ይህን ልማድ አታውቀውም፤ ነገሩ ግን ገባት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አድርሳ ስትጨርስ ቤተ መጻሕፍቱ እንደምትመጣ ተናገረች። ከረጢቱን ግን አስፈጨችው።

ሰኞ ዕለት በመስኮቱ አጠገብ ካለው ኮምፒዩተር ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሊኒያ አንዱን የካርድ አዛማጅ ገጽ ከፈተች። አርዲስ የተጠየቀችውን ሞላች፤ ገጹም አሥራ አንድ ካርዶች ደረደረላት። ከላይ የተቀመጠው «ዕድልዎ እጅግ ጥሩ ነው» የሚል አረንጓዴ ምልክት ነበረው፤ በየካርዱ ሥር ደግሞ «እስከ አምስት ሺህ ዶላር» ይላል። ሊኒያ ወደ ታች ልትወርድ ስትል አርዲስ እጇን ያዘቻት።

«ቆይ ልጄ፣ አልጨረስኩም።»

አርዲስ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከዘጠነኛ ክፍል ነው። ስታነብ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች፣ አንድም ቃል ሳትዘል ነው የምታነበው። የአውቶቡስ ጣቢያው ሰዎች «አርዲስ ምናሌ አንብባ እስክትጨርስ ምሳው ይበርዳል» እያሉ ይቀልዱባታል። አሁን ግን ማንም ያላያትን አንዲት ግራጫ መስመር አገኘች። ካርዶቹ የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ገጹ ከባንኮቹ በሚቀበለው ክፍያ ሊለወጥ እንደሚችል ይናገራል።

«ደላላ ነው በይኛ» አለች።

ሊኒያ መስመሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ይህንን ገጽ ለስንት ሰው እንደከፈተች፣ ይህቺን መስመር ግን ለማንም አሳይታ እንደማታውቅ አመነች።

«አትዘኚ» አለቻት አርዲስ። «ደላላ ሁሉ አይዋሽም። የማን ቤት ባዶ እንደሆነ ያውቃል። ኪራዩን ግን ባለቤቱን ነው የሚጠይቁት።»

እንደዚያው አደረጉ። አዛማጁ ዕድልዎ ጥሩ ነው የሚለው እንደ እሷ ያለ ነጥብ ያላቸው ሌሎች ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አይቶ መሆኑን ሊኒያ አስረዳች፤ ባንኩ ራሱ የሚያጣራው ግን የአርዲስን የራሷን ታሪክ ነው፤ ስለዚህ ይበልጥ ይታመናል። ከዝርዝሩ ሦስት ካርዶች መርጠው ወደየባንኮቹ ገጽ ሄዱ። የመጀመሪያው፣ ያ አረንጓዴ ምልክት ያለው፣ አይሆንም አላት። አርዲስ ቦርሳዋን አነሣች።

«ይቀመጡ» አለች ሊኒያ። «ትርፉ ይኼ ነው። ይኼ ‹አይሆንም› ምንም አላስከፈለዎትም።»

ሁለተኛው ይሆናል አላት፤ ነገር ግን በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብና ከመጀመሪያው ቀን የሚጀምር ሃያ ዘጠኝ ከመቶ ወለድ ነበረው። ሦስተኛውም ይሆናል አለ፤ ለአሥራ አምስት ወር ወለድ የለውም፤ የዓመት ክፍያም የለውም። አርዲስ በልቧ አሰላች። በወር መቶ አሥር ዶላር ብትከፍል ወለዱ ሳይጀምር ዕዳው ያልቃል።

ሊኒያ ዛሬውኑ እናመልክት አለች። አርዲስ እምቢ አለች። እይታው ነጥብ አይነካም መባሉን በዓይኗ ካላየች አታምንም። ከመምጣቷ በፊት ነጥቧን አይታ ነበር፤ ስድስት መቶ ሰባ አንድ። ማክሰኞ እንደገና አየች፤ ስድስት መቶ ሰባ አንድ። ረቡዕ ዕለት አንድ ማሰሮ የዱር ሩዝ ሾርባ ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ ገባች። ነጥቧ አሁንም አልተነካም፤ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወንበሯን ሳበች። ሊኒያም ገባት።

ለሦስተኛው ካርድ አመለከተች። ገጹ ጥቂት አሰበና «አሁን ልናጸድቅልዎ አልቻልንም፤ ምክንያቱን በደብዳቤ እንገልጻለን» አለ።

ሊኒያ ፊቷ ደም መሰለ። አርዲስ ጓንቷን በዝግታ አጠለቀች።

«መብራቱ አልበራም ነበር፤ ባቡሩ ግን መጣ» አለች። ከዚህ ሌላ ወቀሳ አልተናገረችም። ብትቆጣ ኖሮ ለሊኒያ ይቀላት ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ከባድ ነበሩ። አርዲስ የሬንን ክፍል አዘጋጅታ ጨርሳለች፤ አልጋውን አንጥፋለች፤ ግድግዳው ላይ ባሏ የሠራውን የእንጨት መርከብ ሰቅላለች። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ግን የራሷ ትንፋሽ ይታያታል። ጠዋት አውቶቡሷን ስታስነሳ በየበሩ ቆመው የሚሰናበቱ እናቶችን ታያለች፤ ልጅ በሌላ ሰው ደጃፍ ሲሰናበት ምን እንደሚመስል ታስባለች። አንድ ቀን የካውንቲዋን ሠራተኛ ስልክ ቁጥር እስከ መጨረሻው ነክታ፣ አይመጡ፣ ቤቴ አልተዘጋጀም ልትላት አፏን ከፈተች፤ ጥሪው ሳይነሳ ዘጋችው። ልጄ ስትሳሳት ሬንን አጣቻት፤ አሁን እኔ ስሳሳት ደግሞ ሁለተኛ ልናጣት ነው እያለች ራሷን ትወቅስ ነበር።

በኦክቶበር ስድስት የባንኩ ደብዳቤ መጣ። አርዲስ ሳትከፍት ልትጥለው ነበር። ከዚያ ቁጭ አለችና እንደ ልማዷ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አስኬደች። ደብዳቤው ገቢዎ አነሰ አይልም። ነጥብዎ ወረደ አይልም። «መዝገብዎ ስለተቆለፈ የብድር ታሪክዎን ማየት አልቻልንም» ይላል፤ ከሥሩም የመዝጋቢው ድርጅት ስልክ አለ።

ሁለተኛ ጊዜ አነበበችው። ያኔ ትዝ አላት። ከሁለት ዓመት በፊት የምትታከምበት ክሊኒክ የበሽተኞቹ ስምና ቁጥር እንደተሰረቀ ጽፎላት ነበር። የብድር ታሪክ የሚመዘግቡት ድርጅቶች ሦስት ናቸው፤ ሌባ በስሟ እንዳይበደር ሦስቱንም እንድታስቆልፍ ተመክራ ነበር። ለመጀመሪያው ደውላ አርባ ደቂቃ ስልክ ላይ አስጠበቋት፤ አስቆለፈች። ከዚያ የአውቶቡሷ ሰዓት ደረሰ፤ ሌሎቹን ሁለቱን ነገ እደውላለሁ ብላ ተወችው። ነገ መጣ፣ ሄደ፤ ረሳችው።

ደብዳቤውን ይዛ ሊኒያ ጋ ሄደች። ልጅቷ ስታያት ከወንበሯ ብድግ አለች። ደብዳቤውን ካነበበች በኋላ ግን ነገሩ ወዲያው ተገለጠላት። ማጣሪያው የጠየቀው ክፍት የሆነውን መዝጋቢ ነው፤ ሙሉ ምርመራው ደግሞ የተቆለፈውን አንኳኳ።

«ልጠይቅዎት ይገባ ነበር» አለች። «የተቆለፈ መዝገብ አለዎት ወይ ማለት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን ነበረበት። እኔ ገጹን እንጂ እርስዎን አልጠየቅኩም።»

«እኔስ? የቆለፈ ሰው ቁልፉን የት እንዳኖረ ማስታወስ አለበት። በእኔና በአንቺ መካከል ሳትጠየቅ የቀረች አንዲት ጥያቄ ልታስቀረን ነበር።» አርዲስ ተቀመጠች። «አሁን ንገሪኝ፤ ማጣሪያው ዋሸኝ ወይስ አልዋሸኝም?»

«አልዋሸም። ያየውን ተናገረ። ያላየው ነገር እንዳለ ግን አልነገረዎትም።»

«ይኼንን ቅዳሜ ዕለት ብትዪኝ ኖሮ፣ ዘጠና ከመቶ ከምትዪኝ ይልቅ ባመንኩሽ ነበር» አለቻት አርዲስ።

የመዝጋቢውን ድርጅት ስልክ የደወለችው አርዲስ ራሷ ናት፤ ሊኒያ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር። መዝገቡን ለአንድ ሳምንት አስከፈተች። ከዚያ ባንኩ ጋ ደወለች፤ እዚያ ያነጋገረቻት ሴት አዲስ ማመልከቻ እንደማያስፈልግና የቀድሞውን እንደገና እንደሚያዩት አረጋገጠችላት። ይህንን ባታውቅ ኖሮ ሌላ ካርድ ለመጠየቅ ትሮጥና በከንቱ ሌላ ጠባሳ ታስደርግ ነበር። ብዙ ሰው አንድ አይሆንም ሲሰማ ወደ ሌላ በር የሚሮጠው ምክንያቱን አንብቦ ስለማይጨርስ ነው።

በማግሥቱ መልስ መጣ። ተፈቅዶላታል፤ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዶላር።

«ያ አዛማጅሽ ለሰው ሁሉ እስከ አምስት ሺህ ይል አልነበር?» አለች አርዲስ በስልክ።

«‹እስከ› ነው ያለው። ማጣሪያው በሩ ይከፈት እንደሆነ ይናገራል እንጂ ውስጥ ስንት እንደሚሰጥዎት አያውቅም።»

«እኔ የምፈልገው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ነው። የቀረውን ለሚያምረው ይስጡት» አለች አርዲስ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ሊኒያ ከዚያ በፊት ሰምታው የማታውቀው ልስላሴ ነበረ።

በኦክቶበር አሥራ አራት ቀን ማሞቂያው ተገጠመ፤ ቀይ ወረቀቱም ተነሣ። በዚያው ሳምንት አውቶቡስ ጣቢያው የሹፌሮች ክፍል ውስጥ ጎርዲ የሚባል ሹፌር አንድ ፖስታ እያወዛወዘ ገባ፤ ተመርጫለሁ፣ በዚህ ካርድ የበረዶ ሞተር ብስክሌት ልገዛበት ነው አለ። አርዲስ ሳንድዊቿን አስቀመጠች።

«አምጣው እስኪ» አለችው። «አየህ ጎርዲ፣ መጀመሪያ የተቆለፈ መዝገብ እንዳለህና እንደሌለህ አስታውስ። ቀጥለህ የባንኩን የራሱን ማጣሪያ ጠይቅ፤ እሱ ሲያይህ አያቆስልህም፤ እኔ በራሴ ነጥብ አይቼዋለሁ። ደላላው ከላይ ያስቀመጠውን አትመን፤ ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ። አይሆንም ካሉህ ተመስገን ብለህ ተወው። ይሆናል ካሉህ ደግሞ የምትገዛውን ነገር ገና አትዘዝ፤ አንዱን ብቻ ምረጥና ለእሱ አመልክት። ማጣሪያ መንገድ ያሳይሃል፤ መሪውን የያዝከው ግን አንተ ነህ።»

«ለአንድ የበረዶ ሞተር ይኼ ሁሉ?» አለ ጎርዲ።

«ለሞተሩ ሳይሆን ላንተ ነው። ቤት ለመከራየት ስትሄድ የሚያዩት ያንኑ መዝገብ ነው።»

ሌሎቹ ሹፌሮች ሳቁ፤ አንዷ ግን ሳትስቅ አርዲስ ያለችውን እጇ ላይ በእስክርቢቶ ጻፈች። ወር ሳይሞላ ሦስት ሰዎች ከማመልከታቸው በፊት አጣርተዋል። አንዱ አይሆንም ስለተባለ የነበረበትን የካርድ ዕዳ ከፍሎ ጨርሶ ነጥቡ እስኪሻሻል ሊቆይ ወሰነ፤ ሁለቱ ያሰቡትን አገኙ። አንዳቸውም በከንቱ ጠባሳ አላስደረጉም። ሊኒያም ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ሰው አጠገቧ ሲቀመጥ ገጹን ከመክፈቷ በፊት ሰውየውን መጠየቅ ጀመረች።

በኦክቶበር ሃያ አንድ የካውንቲዋ ሠራተኛ የሙቀት መለኪያዋን ይዛ ከክፍል ወደ ክፍል ዞረች። ሬን የምትተኛበት ክፍል ውስጥ ትንሽ ቆየችና ወረቀቱን እዚያው ግድግዳው ላይ አስደግፋ ፈረመች። ስትወጣ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት። ልጅቷ እስካሁን ሦስት ቤት ተዘዋውራለች፤ አዲስ ቤት ስትገባ ኮቷን አታወልቅም፤ ተነሺ ብትባል ዝግጁ ሆና ትጠብቃለች። ቀናትም ሊወስድ ይችላል፤ አይጫኗት።

ሬን በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ቢጫ ኮቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ ትንሿን ሻንጣዋን በሁለት እጇ ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆመች። አርዲስ ኮትሽን አውልቂ አላለቻትም። ወጥ ቤት ገብታ ድንች መላጥ ጀመረች። ከወለሉ ሥር ማሞቂያው ሲነሳ ተሰማ፤ ሞቃት አየር በክፍሉ ተሰራጨ። ልጅቷ መጀመሪያ ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ቆቧን አወለቀች። ጉንጮቿ ቀሉ፤ ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ።

ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«አያቴ» አለች፣ «ኮቴን የት ልስቀል?»